እስትንፋስ እስኪመጣ

ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙበትን ክፍል ከፍታ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው አንድ ረጅም ሰው ነው። ጥግ ላይ ባለች አጭር ወንበር ላይ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ተጣጥፎ ተቀምጧል። የሸሚዙ ቁልፎች ተፈትተዋል። ደረቱ ላይ ከመዳፍ ብዙም የማትበልጥ ሕፃን ልጥፍ ብላ ተኝታለች፤ ያደረገቻት ኮፍያ ለብርቱካን የተሠራች ትመስላለች።

የገባችው ልጅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እንኳን ደስ ያለዎት» አለችው።

ሰውየው ቀና አለ። «አባቷ አይደለሁም» አለ በሹክሹክታ። «እናቷ ከአልጋዋ እስክትነሳ ድረስ ወንበሯ ነኝ።»

ሳቋ አመለጣት። ሕፃኗ ፊቷን ጨምደድ ስታደርግ ግን ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ቀሩ። ሕፃኗ መልሳ ተኛች። እነሱ ተያዩ። ያ መተያየት ምን ያህል እንደቆየ ከዓመታት በኋላም ሊስማሙበት አልቻሉም፤ እሱ «ረጅም ነበር» ይላል፣ እሷ «አንተ ምን አጭር ነገር አለህና» ትለዋለች።

ሰውየው የክፍሉ ነርስ ነው። ቁመቱን አይተው ሁሉም «ረጅሙ» ይሉታል። እሷ ደግሞ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊ ናት፤ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ስትሆን ከአፏ ቃል በግድ ስለሚወጣ «ጭምቷ» የሚል ስም አውጥተውላታል።

የጭምቷ መሥሪያ ቤት ከጫማ መሸጫ በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ የተጨናነቀ ትንሽ ድርጅት ነው። የሚሠሩት አንድ ነገር ነው፤ በሕፃን ሆድ ላይ የምትታሰር፣ የትንፋሽን ከፍ ዝቅ የምታዳምጥ፣ ትንፋሹ ሲቆም ደግሞ ጮኻ ሰው የምትጠራ ለስላሳ ቀበቶ። በየሆስፒታሉ ያሉት ትልልቅ መቆጣጠሪያዎች ለሁሉም ሕፃን አይዳረሱም፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ አብረው የሚጠፉ አሉ። ቀበቶዋ ግን በባትሪ ነው የምትሠራው። ጣጣዋም እዚያው ላይ ነበር፤ ባትሪዋ ጠዋት ተሞልቶ ከሰዓት ይሞታል።

አለቃዋ «ትልቅ ባትሪ እንግጠምላትና እንገላገል» ቢል፣ ጭምቷ «ትልቁ ባትሪ ከሕፃኗ ሊበልጥ ነው» አለችው። ከዚያ ሕፃናቱ እንዴት እንደሚተነፍሱ በዓይኗ ካላየች ፕሮግራሙን እንደማትነካ ተናግራ ወደ ሆስፒታሉ መጣች።

የክፍሉ ኃላፊ፣ ሁሉም «ሲስተር» የሚሏት ቆፍጣና ሴት፣ «ረጅሙ ያሳይሽ። እንዳትነኪ፣ እንዳታስነጥሺ» ብላ ፈቀደችላት።

በሁለተኛው ቀን ረጅሙ ወደ አንዲት ሕፃን አልጋ ጠራት። ያቺው ኮፍያዋ ብርቱካን የምታክል ሕፃን ናት። ገና ስም ስላልወጣላት በክፍሉ «እንግዳዋ» ትባላለች።

«ሆዷን ይዩ» አላት።

የእንግዳዋ ሆድ እንደ ቅጠል ከፍ ዝቅ ይላል። ከፍ፣ ዝቅ። ከፍ፣ ዝቅ። ከዚያ ቀጥ አለ።

ጭምቷ ጠበቀች። ረጅሙም ጠበቀ። ሆዱ አልተነሳም። ረጅሙ በዝግታ ጎንበስ አለና የሕፃኗን ውስጥ እግር በትንሽ ጣቱ ጫር አደረጋት። እንግዳዋ ድንገት የጠሯት ያህል ክንዶቿን ዘርጋ አደረገች፤ ሆዷም ወደ ሥራው ተመለሰ።

«ምን ሆና ነው?» አለች ጭምቷ።

«ረስታው ነው።»

«ምኑን?»

«መተንፈሱን። ገና አልለመደችውም። በእናቷ ሆድ ሳለች ማን ተንፍሺ ብሏት ያውቃል?»

ጭምቷ የራሷ ደረት ከፍ ዝቅ ሲል ታወቃት። በሕይወቷ ሙሉ አንድም ቀን ሳታስበው ሲሠራላት የኖረ ነገር እንደሆነ ገባት፤ እዚያው ቆማ እንደ ልጅ ተደነቀች። ረጅሙ ያን አየ። ይህን ክፍል ለመጎብኘት የመጡ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ያለቀሱ አሉ፣ ፊታቸውን ያዞሩ አሉ። እንዲህ ዝም ብሎ የተደነቀ ግን አላየም ነበር።

ከሳምንት በኋላ አንቱታው ቀርቶ፣ ከሥራ ሲወጣ በሆስፒታሉ ግቢ ካለው ሻይ ቤት አብረው መቀመጥ ጀመሩ።

«እስቲ ለእኔ በሚገባኝ ቋንቋ ንገሪኝ» አላት አንድ ቀን። «ባትሪውን የሚበላው ምንድን ነው?»

«ጥያቄ ነው የሚበላው።»

«ደግሞ ጥያቄ ባትሪ ይበላል?»

«እንግዳ ትጠብቃለህ እንበል። ያሁኑ ፕሮግራም በሩ ላይ ቆሞ ይከፍታል፣ ያያል፣ ይዘጋል። ይከፍታል፣ ያያል፣ ይዘጋል። ‹መጣ ወይ? አልመጣም። መጣ ወይ? አልመጣም።› አንተ ዓይንህን አንዴ እስክታርገበግብ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚጠይቅ ብነግርህ ውሸታም ትለኛለህ።»

«እንግዳው ሳይደርስ ጠባቂው ይሞታላ።»

«ይኸው፣ ከሰዓት ላይ ይሞታል።»

«እና ምን ልታደርጊው ነው?»

«ላስተኛው።» ጭምቷ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች፤ ስለ ሥራዋ ስታወራ ጭምትነቷ ይጠፋል። «ከመተኛቱ በፊት ግን ለሁለት ሰው አደራ ይሰጣል። አንዱን ‹እንግዳው በሩን ሲነካ ቀስቅሰኝ› ይለዋል። ሌላውን፣ ሰዓት የያዘውን ደግሞ ‹እስከዚህ ድረስ ካልመጣ ባይመጣም ቀስቅሰኝ› ይለዋል። ከዚያ ለጥ ብሎ ይተኛል። ትንፋሽ ሲመጣ ይነቃና ሰዓቱን እንደ አዲስ አስጀምሮ መልሶ ይተኛል። ትንፋሹ ቀርቶ ሰዓቱ ከቀደመ ግን ሰፈሩን በጩኸት ያነሳዋል።»

ረጅሙ ሻዩን ረስቶታል። «ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሚተኛ ዘበኛ ነው የምታመጪልን።»

«የሚተኛ ግን የማያመልጠው።»

ሳቀ። ጭምቷ ግን አልሳቀችም። በር ላይ ቆሞ መጣ ወይ እያለ የሚያልቅ ሰው ታውቃለች። እናቷ ናት።

አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ጭምቷ ገና ፊደል ስትቆጥር «ደርሼ መጣሁ» ብሎ ወጣ፤ ሁለት ጊዜ በሰው ሰላምታ ላከ፤ ከዚያ ወሬው ጠፋ። ሞተ የሚል የለ፣ አለ የሚል የለ። ልብስ ሰፊዋ እናቷ የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር አቆመች። መንገዱ ላይ የመኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር እግሯ ከመርገጫው ይነሳል፣ መጋረጃው ይገለጣል፣ መጋረጃው ይመለሳል። አንድ ኪስ ሰፍታ ሳትጨርስ ስንቴ እንደምትነሳ እሷም አታውቀው። ስፌቱ ጠመመ፤ ደንበኛ ሸሸ። ጭምቷ የዚያን መጋረጃ መገለጥና መመለስ እያየች አደገች፤ ወንድ የሚባል ላልጠብቅ ብላም ለራሷ ማለች።

ይህን ሁሉ ለረጅሙ ነገረችው። ምክር አልሰጣትም፣ ከንፈሩንም አልመጠጠም። የቀዘቀዘውን ሻይዋን አንስቶ በትኩስ አስለወጠላት።

አዲሱን ፕሮግራም ጽፋ በፓምፕ እየተነፋች በምትተነፍስ አሻንጉሊት ላይ ሞከረችው። ለቀናት እንደ ልብ ሠራ። አንድ ቀን ፓምፑን ስታቆመው ግን ቀበቶዋ ዝም አለች። ጭራሽ አልነቃችም።

ጭምቷ ስህተቱን ስትፈልግ ከረመች። በመጨረሻ ያገኘችው ለማመን የሚያስቸግር ትንሽ ቀዳዳ ነበር። ፕሮግራሙ መጀመሪያ በሩን ያያል፣ ቀጥሎ ይተኛል፤ በማየትና በመተኛት መካከል ከፀጉር የቀጠነች ጊዜ አለች። በዚያች ጊዜ በሩን የነካ ካለ የሚሰማው የለም፤ ሰዓት ያዡም አደራውን ሳይቀበል ይቀራል። ደግማ ጻፈችው፤ ዓይኑ ሲከደንና ጆሮው ሲከፈት አንድ ላይ፣ በመካከላቸው ምንም ሳይገባ እንዲሆን አደረገች። ከዚያ በኋላ አሻንጉሊቷን ቢያሠቃዩአት ቀበቶዋ አልተሳሳተችም።

ሲስተር ቀበቶዋን አገላብጣ አይታ፣ «ከትልቁ መቆጣጠሪያ ጋር አብራ ትታሰር እንጂ ብቻዋን አላምናትም» አለች። ለእንግዳዋ ታሰረችላት።

መብራቱ የጠፋው በጠራራ ፀሐይ ነው። መቆጣጠሪያዎቹ እየተንጫጩ አንድ በአንድ ጨለሙ፤ ጄኔሬተሩ እንደ ልማዱ እያንገራገረ ነው። ሲስተርና ረጅሙ ሌላ ሕፃን ላይ አጎንብሰዋል፤ ሁለቱም እጃቸውን ማንሳት አይችሉም። በዚያ መሃል ቀጭን፣ የማይለቅ ጩኸት ተሰማ። ከእንግዳዋ ሆድ ነው።

ጭምቷ ብቻ ነበረች አጠገቧ።

«እግሯን!» አለ ረጅሙ ዞር ሳይል። «ውስጥ እግሯን ነካ አድርጊያት።»

ጣቷን ዘረጋች። የአንድ አውራ ጣት ያህል በምትሆን እግር ላይ አሳረፈችው፤ ጫር አደረገች። ምንም የለም። ደግማ ጫረች። እንግዳዋ ተንፈራገጠች፣ አፏን ከፈተች፣ ሆዷም ተነሳ። ቀበቶዋ ዝም አለች።

መብራቱ ሲመጣ ጭምቷ እዚያው እንደ ቆመች ነበር፤ ጣቷን ከሕፃኗ እግር ላይ አላነሳችም። ረጅሙ መጥቶ ከጎኗ ቆመ። ትከሻው ትከሻዋን ነክቶ ነበር፤ አንዳቸውም ፈቀቅ አላሉም።

ከዚያ ወዲህ እንደሚዋደዱ ለማወቅ የሚነግራቸው ሰው አላስፈለጋቸውም። በየመንገዱ አብረው ተጓዙ፤ እሱ ለእሷ እርምጃውን አሳጠረ፣ እሷ ለእሱ ወሬዋን አስረዘመች። የቀበቶዋ ባትሪ ከሳምንት በላይ መቆየት ጀመረ። እንግዳዋ ወፍራ፣ ስም ወጥቶላት፣ በእናቷ ክንድ ወደ ቤቷ ሄደች።

ታዲያ ደስታ ብቻውን አይመጣምና ረጅሙ አንድ ቀን ፊቱ ጠቁሮ መጣ።

«ሩቅ ከተማ መደቡኝ» አላት። «እዚያ ያለ ጊዜያቸው ለሚወለዱ የሚሆን ክፍል የለም። ሄደህ ክፈት ነው የሚሉኝ።»

«እምቢ ብትላቸውስ?»

«እዚያም እኮ ይወለዳሉ» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «ትጠብቂኛለሽ?»

«አልጠብቅም» አለች። «እኛ ቤት ለሁላችንም የሚበቃ ተጠብቋል።»

ረጅሙ «ገባኝ» አለ። ደግሞ አልጠየቃትም። አለመጠየቁ ከጥያቄው ይልቅ አመማት።

የዚያን ሰሞን እናቷ የቀበቶዎቹን ጨርቅ እየሰፋች ነበር፤ ሥራውን ያመጣችላት ጭምቷ ናት። «ለመሆኑ ይሄ ነገር ምን ያደርጋል?» ብላ ጠየቀቻት። ጭምቷ ልቧ ሌላ ቦታ ሆኖ የእንግዳውንና የሁለቱን አደራ ተቀባዮች ነገር ነገረቻት።

እናቷ መቀሷን አስቀመጠች። «እስከዚህ ካልመጣ ባይመጣም ቀስቅሰኝ፣ ነው የሚለው?»

«አዎ።»

«እስከዚህ የሚለውን ማነው የሚወስነው?»

«እኛው ነና፣ እማዬ።»

እናቷ ሌላ አልጠየቀችም። በማግስቱ ጭምቷ ከሥራ ስትመለስ መስኮቱ ሥር ያለው ቦታ ባዶ ነበር። የስፌት መኪናው ወደ ውስጥ፣ ከጓሮ በኩል ብርሃን ወደሚገባበት ግድግዳ ተዛውሯል። እናቷ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ትሰፋለች። አንድ መኪና በደጃፉ አለፈ። እግሯ ከመርገጫው አልተነሳም።

ጭምቷ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ይህን ጀርባ አይታው አታውቅም ነበር። ልጅ ሆና ተራራ ከቦታው ተነሳ ቢሏት ኖሮ የዚህን ያህል አትደነቅም።

«እማዬ?»

«እዚህ ጋ ብርሃኑ ይሻላል» አለች እናቷ ሳትዞር። ጥቂት ሰፍታ ደግሞ፣ «አባትሽ ቢመጣ ያንኳኳል፤ እጅ አለው» አለች። «ይሄን ሁሉ ዘመን ቀን ሳልቆርጥለት ነው የኖርኩት። ትናንት ቆረጥኩለት። አልፎበታል።»

ጭምቷ ሄዳ ከኋላዋ አቀፈቻት። ሁለቱም አለቀሱ፤ ብዙም አልቆየ፣ ጨርቁ እንዳይረጥብ ብለው ተዉት።

«ያ የነገርሽኝ ረጅሙ ልጅስ፣ እስከ መቼ ነው ያለሽ?» አለች እናቷ ዓይኗን እየጠረገች።

«አልጠየቅኩትም።»

«ሳትጠይቂው ነው የፈረድሽበት?»

በማግስቱ ወደ ሆስፒታሉ ሮጣ ስትሄድ ረጅሙ በዋዜማው ተነስቶ ሄዷል። ስልኩን ብትሞክር አይገኝም። «እዚያ ከተማ ኔትወርክ በእድል ነው» አለቻት ሲስተር። ጭምቷ አንድ መልእክት ጻፈችለት፦ «እስከ ክረምቱ መውጫ እጠብቅሃለሁ። መስኮት ላይ ቆሜ አይደለም፤ ሥራዬ ላይ ሆኜ ነው። እስከዚያ ካልመጣህ መጠበቄን ትቼ ራሴ እመጣለሁ።»

መልስ አልመጣም።

ስልኳ ሲጮኽ ልቧ አልዘለለም ማለት ውሸት ነው። ነገር ግን ስልኩን በየደቂቃው እያነሳች አላየችም። ሌሎች ሆስፒታሎች ቀበቶዋን ጠየቁ፤ ለነሱ ሠራች። ብስክሌት መንዳት ተማረች፤ ሁለቴ ወድቃ ክርኗን ተላጠች። ከእናቷ ጋር ገበያ ወጣች። አንዳንድ ጠዋት ስትነቃ ናፍቆቱ ደረቷ ላይ ተቀምጦ ታገኘዋለች፤ አብራው ቁርሷን ትበላለች፣ አብራው ሥራ ትገባለች።

ዝናቡ ሳሳ፣ ከዚያ አቆመ። ረጅሙ አልመጣም። ጭምቷ ቀበቶዎቿን በሻንጣ አጭቃ አውቶቡስ ተሳፈረች። እናቷ ስትሸኛት «ካልፈለገሽስ?» አላለቻትም። «ስትደርሺ ብርድ ይኖራል» ብላ ሹራብ ብቻ ጨመረችላት።

አውቶቡሱ መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ዘግይቶ ደረሰ። ጭምቷ ስትወርድ የሚጠብቃት ሰው አልነበረም። ሻንጣዋን መሬት ላይ አስቀምጣ በሁለቱም አቅጣጫ አየች። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መልእክቱ ደርሶት ዝም ብሎ ቢሆንስ ብላ አሰበች።

ትኬት የሚቆርጡት ሽማግሌ ከመስኮታቸው አንገታቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ጤና ጣቢያውን ነው የምትፈልጊው?»

«እንዴት አወቁ?»

«ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ አንድ ረጅም ሰው አውቶቡስ በገባ ቁጥር እዚህ እየመጣ ይቆማል። ዛሬም ነበር። አሁን ለምጥ ጠርተውት ነው በሩጫ የሄደው። በዚያ በኩል ውረጂ።»

ጭምቷ ሻንጣዋን አነሳች። ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ትዝ አይላትም።

ጤና ጣቢያው ቀለሙ ገና ያልደረቀ አዲስ ክፍል ተጨምሮበታል። በመተላለፊያው መጨረሻ በከፊል ከተከፈተ በር የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። ረጅሙ አዲስ የተወለደች ሕፃን ጠቅልሎ ማሞቂያው ላይ ሲያስተኛ ቀና አለና አያት። እጁ ከሕፃኗ ላይ አልተነሳም። ፊቱ ግን ሁሉን ነገር ተናገረ።

«መልእክትሽ ደርሶኛል» አለ። «መልሴ ነው አልሄድ ያለው። ስንቴ ላክሁት መሰለሽ። ክፍሉን ጥዬ መምጣትም አልቻልኩም።»

«ምን ነበር መልሱ?»

«‹ነይ› ነው። ሌላ ምን ይሆናል?»

ጭምቷ ልትስቅ ነበር፤ እንባዋ ቀደማት።

ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው አዋላጅ ጮኸች። «መንታ ነው እኮ፣ ሁለተኛው እየመጣ ነው! ይቺ ደግሞ ማን ናት? ዘመድ ካልሆነች ውጭ ትጠብቅ።»

ረጅሙ ወደ ጭምቷ አየ። ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ከስንት ወር ዝምታ በኋላ ምን ብሎ እሷን የመጥራት መብት እንዳለው አላወቀም፤ ዘጋው።

«እጮኛው ነኝ» አለች ጭምቷ።

አዋላጇ እሷንም እሱንም አየች። «እንግዲያው እጅሽን ታጥበሽ ፎጣውን ያዢ። ረዳቴ የለችም።»

ሁለተኛው ሕፃን ያለ ድምፅ መጣ። አዋላጇ ጭምቷ በዘረጋችው ፎጣ ላይ አኖረችው፤ እርጥብ፣ ትኩስና ዝም ያለ። ረጅሙ በሁለት እጁ ጀርባውን ያሻሽ ጀመር። እናትየው ጭንቅላቷን ከትራስ አንስታ ትጠብቃለች። ማንም አይናገርም፤ የመጀመሪያዋ ሕፃን እንኳ ዝም ብላለች።

በጭምቷ መዳፍ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። እንደ ክር የቀጠነ አየር ወደ ውስጥ ሲገባ ሰማች፤ ያች ትንሽ ደረት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትነሳ በእጇ ላይ ተሰማት። ከዚያ ሕፃኑ አፉን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ጮኸ።

ጭምቷና ረጅሙ ከፎጣው በላይ ተያዩ።

«ወንድ ነው» አለች አዋላጇ። የተናገረችው ለእናትየው ነበር፤ ሁለቱ ግን ለነሱም የተነገራቸው ያህል ራሳቸውን ነቀነቁ።